አንዲት ሶኔት ይዤ ሞጣ

ሰው በወጣትነቱ ከሚሠራው ቂልነት ሁሉ እንደ ግጥም መጻፍ ጉድ የሚያፈላ የለም። ስካር ይተዋል፣ ጠብ ይረሳል። ግጥም ግን የሰማው ሰው በሙሉ ካልሞተ በቀር አይለቅም።

የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። በጃንሆይ ጊዜ እንግሊዝኛ እንዳስተምር ቢቸና ተመደብኩ። ኮሌጅ ከተማርኩት ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ሶኔት የሚባለው የፈረንጅ ግጥም ብቻ ነው። አሥራ አራት ስንኝ ነው፤ አንድ ቢጎድል አይሆን፣ አንድ ቢተርፍ አይሆን። አሥራ ሁለቱ ጉዳዩን ሲያንዛዙት ይቆዩና የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይቋጩታል። ለእኔ ቢጤ ወሬኛ በልክ የተሰፋ አይመስልም?

ታዲያ ሞጣ የምታስተምር ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ ወደድኩ። መውደዱስ ቀላል ነበር፤ ከባዱ አባቷ ናቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። ሽማግሌ ብልክ፣ «ገጣሚ ነው ካላችሁ ራሱ ይምጣና ልስማው» አሉ። ገጣሚ ነው ያለው ማን ይመስላችኋል? እኔው ነኛ!

ሦስት ሳምንት ሙሉ በአማርኛ ሶኔት ሳምጥ ከረምኩ። ተማሪዎቼን ፈተና ላይ አስቀምጬ እኔ ግን ቤት የሚመታ ቃል ፍለጋ ጣራ ጣራ አይ ነበር። በመጨረሻ በቅሎ ተውሼ ቅዳሜ ሞጣ ገባሁና ለመሪጌታ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ።

«ረዘመ እንጂ ደግ ነው» አሉ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ዘመድ ይሰበሰባል። በዘመድ ፊት አንድ ታሰማናለህ፤ ያን ጊዜ ቁርጡን እነግርሃለሁ።»

እሑድ ዘመድ ተሰበሰበ፣ ጠላ ተቀዳ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ቆምኩና ያችኑ ሶኔት እንዳለች አንበለበልኳት። ዘመድ እርስ በርሱ ተያየ። ተደንቀው ነው ብዬ ፈገግ አልኩ።

ለካ ቅኔ ቤት አንዴ የተሰማ አይደገምም። የትናንቱን ይዞ የሚመጣ ለእንግዳ ትራፊ እንዳቀረበ ይቆጠራል። መሪጌታ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይቺንማ ትናንት ሰማናት። የዛሬዋን በል እንጂ» አሉኝ።

«ሌላ የለኝም፣ የኔታ።»

«ምንም?»

«ምንም። ይቺም ሦስት ሳምንት ፈጅታብኛለች።»

ጥሩወርቅ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትንፈቀፈቅ አየሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በቃ፣ ልጅቷን አጣኋት ብዬ ባርኔጣዬን ሳነሣ መሪጌታ ወደ ዘመዶቻቸው ዞሩ።

«በየቀኑ አዲስ የሚፈልቅለትማ በደረሰበት ለየሴቱ ሲቀኝ ይኖራል» አሉ። «ይህ ግን ያለችውን አንዷን በልጄ ላይ ጨርሷታል። ለሌላ ሴት የሚለው የለውም። ሰጥቻለሁ!»

ይኸውና እስከ ዛሬ አብረን አለን። አንዳንዴ አምሮኝ ሁለተኛ ሶኔት ልጀምር ብዬ ብዕር ሳነሣ፣ ጥሩወርቅ ቀና ብላ ታየኝና «ለማን ነው?» ትለኛለች።