ጉባኤው በአደባባይ ይሁን ያልኩ ዕለት

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም! እኔም በጆሮዬ ባልሰማው ኖሮ አላምንም ነበር።

እዚሁ ደብረ ታቦር፣ በደብራችን የዜማ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤታችንን ጉዳይ የሚወስኑት አለቃ ፈንቴና ስድስት ሽማግሌዎች ናቸው። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግን በር ዘግተው መምከር ጀመሩ። ምን ተመካከራችሁ ስንላቸው፣ «አይመለከታችሁም!»

እንዴት አይመለከተንም?

ሦስት ሰንበት ለፈለፍኩ። ከቅዳሴ በኋላ እየቆምኩ፣ «ትምህርት ቤቱ የሁላችን ነው፤ ጉባኤው በአደባባይ ይሁን!» አልኩ።

ዛሬ አለቃ እሺ አሉ። ያውም እየሳቁ! ያ ሳቅ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

ሕዝቡ ከደብሩ ጥድ ሥር ተሰበሰበ። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ከፊት ጉብ አልኩ። አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «የመጀመሪያው ጉዳይ፣ በዜማ መምህሩ ላይ የቀረበ አቤቱታ» አሉ።

በኔ!

አንድ ጢሙ የተንዠረገገ ተማሪዬ ተነሣ። «የኔታ እያስተማሩ ይተኛሉ። ማንኮራፋታቸውን ሁላችንም በቃላችን አጥንተነዋል።»

«እስቲ አሰማን» አሉ አለቃ።

አሰማ! እንደ ዜማ፣ ከነማንሻው ከነመጣያው!

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴ እማዋይሽ ደግሞ ከሴቶቹ መካከል፣ «እውነቱን ነው፤ ቤትም እንዲሁ ነው!» ብላ መሰከረች። ማን ጠየቃት?

አለቃ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ መምህር፣ የቀረውን በር ዘግተን ብንቀጥል አይሻልም?»

እግሬ አውጪኝ ማለት አማረኝ። ግን እልህ ያዘኝ።

«አይሻልም! እዚሁ ይነበብ!»

አለቃ ወረቀት አውጥተው አነበቡ። የቀረው ምን መሰላችሁ? ጣሊያን የትምህርት ቤቱን ቤት ለመኪና ጎማ ማከማቻ ጠይቋል። ሽማግሌዎቹም ሊሰጡ ተስማምተው፣ መፈረሙ ብቻ ቀርቷል። ተማሪዎቹ የት ይሂዱ? አንድ ቃል የለም!

ሳቁ ጠፋ።

አንዲት መነኩሲት ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ «ድንጋዩን ተሸክመን የሠራነው እኛ ነን። ማንን ጠይቃችሁ ነው የምትሰጡት?» አሉ። ከዚያማ ወንዱም ሴቱም ተነሣ። «አንሰጥም!» ያ የከሰሰኝ ተማሪ ከሁሉም በላይ ይጮኻል።

አለቃ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ሕዝብ ከሰማ ወዲያ እኔ ልፈርም አልችልም። ለጣሊያኑ ሹም ይህንኑ እነግረዋለሁ» አሉ።  ወዲያውም በቅሏቸውን አስጭነው ሄዱ።

ቤቱም እስካሁን የኛ ነው!

እኔማ መንገዱን ሁሉ ሰዉ ሲያንኮራፋብኝ ቤቴ ገባሁ። ከሩቅ፣ ከጋሳይ ለገበያ የመጣ፣ አይቼው የማላውቅ ሰው እንኳ አንኮራፋብኝ!

ይሁን! የሚመጣው ጉባኤም በአደባባይ ነው ብያለሁ። ከዚህ ወዲያ ደግሞ ምን ሊያወጡብኝ ነው?