የበሽሎ አሻጋሪዎች ኩርፊያ

አባቴ «እንግዳው ውኃውን ሲያይ፣ አንተ እንግዳውን እይ» ይል ነበር። ጧት ለሥራ ስንወርድ ይለዋል፣ ማታ እርጥብ ልብሳችንን እሳት ዳር ስናሰጣ ይደግመዋል። እናቴ እህል ስትሰፍር እንኳ ከደጅ ሆኖ ይነግራታል፤ ለእሷ ምን እንደሚጠቅማት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ነገሩ ግን እውነት ነው። ደገኛ ሰው የበሽሎን ወንዝ በክረምት መውጫ ሲያየው ፊቱ ይለወጣል። አንዱ ዳዊቱን ያወጣል፣ አንዱ ሳይጠየቅ ኃጢአቱን መናዘዝ ይጀምራል፣ አንዱ ደግሞ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ወደ ቁጥቋጦ ይገባል። ፊቱን ካየህ ማንን ቶሎ እንደምታሻግር፣ ማንን ለነገ እንደምታቆይ ታውቃለህ።

እኔ የተማርሁት ጥቂት ነው። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ልጀምር ስል ለወንዝ ሥራ ተፈለግሁ፤ ስለዚህ ነገሬ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ። ግን ወንዝ ዳር ቆሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ሰው «ለስለት ነው የምሄደው» ይላል እንጂ ግማሹ የሚሄደው ለመንገዱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲያርስና ሲያርም ከሚስቱና ከበሬው ሌላ ፊት ሳያይ የከረመ ገበሬ፣ መስከረም ሲጠባ ግሸን ማርያምን እሳለማለሁ ብሎ ስንቁን ቋጥሮ ሲወጣ እግሩ መሬት አይነካም። እመቤታችን ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። የምትቀየም ግን አይመስለኝም።

በጃንሆይ ዘመን በእኛ በስማዳ በኩል በሽሎ ድልድይ አልነበረውም። ከማዶ ወሎ ነው። ከጋይንትም ከእስቴም የሚመጣው የግሸን መንገደኛ እኛ ደጅ ያርፋል፤ ውኃው እስኪጎድል ሁለት ሦስት ቀን ቢቀመጥም የሚከፋው የለም። እናቴ ዳስ ታስጥላለች፣ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ጠላ ትጠምቃለች። ሴቶቹ ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ ወንዶቹ ጥላ ሥር ተጋድመው የአገራቸውን ዳኛ ያማሉ። እኛ ዳስ ውስጥ ተጫጭተው ጎጆ የወጡም አውቃለሁ። ያለው ጤፍ ይሰጠናል፣ የሌለው ይመርቀናል። ምርቃት የሚጋገር ቢሆን ኖሮ ከእኛ የሚበልጥ ባለጠጋ ባልተገኘ።

የምናሻግርበት ጀንዲ ያው የምትተኙበት የበሬ ቆዳ ነው። ጭድና ጭራሮ ሞልተን ዳር ዳሩን በጠፍር ሰብስበን እናስረዋለን፤ ከላይ ሁለት መንገደኞች ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ። ከግራ አባቴ፣ ከቀኝ ታናሽ ወንድሙ አጎቴ ካሤ፣ ከኋላ እኔ፣ እንዳንሰጥም ደረታችን ላይ ቅል አስረን እየዋኘን እንገፋለን። አቡነ ዘበሰማያት ሳልደግም እግሬን አስገብቼ አላውቅም።

አባቴ ደግሞ አንድ ሕግ ነበረው። የተኳረፈ ሰው አያሻግርም። ቂም ያለበት ሰው መሀል ውኃ ላይ ከፊት ለፊቱ ካለው ይሸሻል፤ እሱ ሲሸሽ ጀንዲው ያጋድላል። ስለዚህ ወንዙ ዳር አቁሞ «በመካከላችሁ ቂም ያለ ይናገር» ይላል። ከአርብ ገበያ የመጡ ሁለት ጎረቤታሞች በአንዲት ዶሮ ተጣልተው ነበርና፣ እስኪሳሳሙ ድረስ ግማሽ ቀን ጥላ ሥር አስቀምጧቸዋል። ሲሻገሩ ተቃቅፈው ነበር። ከፍቅር ይሁን ከፍርሃት አልጠየቅናቸውም።

አሁን የሚያስቀውን ልንገራችሁ። አባቴና አጎቴ ራሳቸው አይነጋገሩም ነበር።

የተጣሉት በጀንዲ ነው። አጎቴ ልጁን ሲድር ከሁሉ የተሻለውን፣ በደንብ የለፋውን ቆዳ ለሙሽሮቹ አልጋ ሰጠ። አባቴ በሙላት ጊዜ የተጣፈ ጀንዲ ይዞ ቀረ። «ወንዝ የሚያሻግር ቆዳ ለመኝታ ይሰጣል?» አለ አባቴ። «ልጄን መሬት ላይ ላስተኛት ኖሯል?» አለ አጎቴ። በቃ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም። የንስሐ አባታችን ለመኗቸው፣ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሁለቱም የሽማግሌውን ጉልበት ስመው ዝም እንዳሉ ተመለሱ። ሥራው ግን ሁለት ሰው ይፈልጋልና አብረው ይገባሉ።

ምላሳቸው እኔ ሆንሁ። አባቴ ክንዱ የሚደርስበትን ወንድሙን ትቶ ወደ እኔ ዞሮ «ያ ደንቆሮ ወደ ላይ ይሳብ በለው» ይላል። እኔ «አጎቴ፣ አባቴ ትንሽ ወደ ላይ ሳብ ብትል ብሏል» እላለሁ። አጎቴ «ሰምቻለሁ፤ የራሱን ጠፍር ያጥብቅ በለው» ይላል። እኔም አጣፍጬ እመልሳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስለ አስታራቂዎች መልካም ነገር ሲነገር በሰማሁ ቁጥር፣ እግዜር ይይልኝና፣ ራሴን አብሬ እቆጥር ነበር።

እናቴ ግን ሁልጊዜ ስንገባ ዳሩ ላይ ቆማ ታማትባለች። አንድ ቀን ለብቻዬ ይዛኝ «ውኃ እኮ ድንገት ነው። አንተ አፍህን ውኃ የሞላው ዕለት እነዚህ ሁለቱ ያልቃሉ» አለችኝ። ሴት ስትፈራ ነገር ታበዛለች ብዬ ተውሁት።

የግሸን ንግሥ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከእስቴ አንዲት አሮጊት መጡ። ስማቸውን አልጠየቅሁም። ደጋ ላይ ዝናብ ጥሎ ነበርና ውኃው ደፍርሷል፤ እሳቸው ግን አላድርም አሉ። አባቴ እንደ ልማዱ «እናታችን፣ ከሰው ቂም የለዎትም?» አላቸው።

«ባሌ ሞቷል፤ ከማን ጋር እቀያየማለሁ?» አሉ።

ብቻቸውን ስለሆኑ ፊት ለፊታቸው አንድ ስልቻ ገብስ አስቀምጠን ገባን። ጥቂት እንደሄድን «ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ይግፋ በለው»፣ «እየገፋሁ ነው በለው» ተጀመረ። አሮጊቷ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ይህ ሰውዬ ጆሮው አይሰማም?» አሉኝ።

«የለም እናቴ፤ ወንድሙ ነው» አልኋቸው።

መሀል ላይ ስንደርስ ከላይ ግንድ መጣ። አባቴ ፊቱን ወደ ጀንዲው አድርጎ ነበርና አላየም። ያየው አጎቴ ነው። አይቶም፣ ልማድ ክፉ ነው፣ ወደ እኔ ዞረና «አባትህን ግንድ መጣብህ በለው» አለኝ። አፌን ስከፍት በሽሎ ገባበት።

ግንዱ የአባቴን ትከሻ መታው። እጁ ከጀንዲው ለቀቀ፤ ራሱ ሰጠመ። አጎቴ የያዘውን ጥሎ ጠለቀ። ጀንዲው እንደ እንዝርት ዞረ፤ እኔ ተጠምጥሜ ያዝሁት፣ አሮጊቷ ስልቻውን አቅፈው ማርያም ማርያም ይላሉ። ውኃው ራሱ አንገላቶ ከታች ካለው መታጠፊያ፣ ወሎ ዳር ጣለን። ዘወር ብል አጎቴ አባቴን በብብቱ ይዞ እየጎተተ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እግዚኦታ አሰምቼ አላውቅም።

አባቴ የጠጣውን ደፍራሽ ውኃ ተፋ። አጎቴ የወንድሙን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ጭቃውን ከፊቱ ይጠርጋል። መቼስ አሁን አለቀ፣ አሁን ይላቀሳሉ አልሁ። አባቴ ዓይኑን ገለጠ፣ ቀጥታ ከላዩ ያለውን የወንድሙን ፊት አየ፣ ከዚያ አንገቱን አዙሮ እኔን ፈለገኝ።

«እግዜር ይስጥህ በለው» አለኝ።

አጎቴም ራሱን ከጭኑ ሳያወርድ «ምን አደረግሁና በለው» አለኝ።

መልእክቱን ላደርስ አፌን ስከፍት፣ ልብሳቸው የሚንጠባጠበው አሮጊት አንጓዬን ጭምቅ አድርገው ያዙኝና በጆሮዬ አንድ ነገር ነገሩኝ። ስንቃቸውን አዝለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እኔም እንዳሉኝ አደረግሁ። አባቴ «በለው» ሲል ጠፍር እፈትላለሁ። አጎቴ «በለው» ሲል ሰማይ አያለሁ። አባቴ ታመምህ እንዴ አለኝ፤ እናቴ ሳትቀር ግንባሬን ዳሰሰች። የመጀመሪያው ቀን በሁለቱም ዘንድ የተጠላሁ ሰው ሆንሁ። በማግስቱ ጀንዲ ሲጭኑ አባቴ እኔን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገና «ካሤ፣ በአንተ በኩል ውኃ ያስገባል» አለ። «አይቻለሁ፤ ዓይን አለኝ» አለ አጎቴ። ያማረ ንግግር አይደለም። ከዚያ ግን ስለዚያች የሙሽሮች ጀንዲ ፊት ለፊት ተሰዳደቡ፤ ወንዙን ሁሉ አስተጋቡት። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስድቡን እንደ ማኅሌት ስትሰማ ዋለች። ማታ ከአንድ ገበታ በሉ።

የአገሩ ሰው ያስታረቃቸው ግንዱ ነው ይላል። የንስሐ አባታችን የእሳቸው ጸሎት እንደሆነ ያምናሉ፤ እኔም ጸሎትን አልክድም፣ እዚያች መታጠፊያ ላይ የጣለን ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እኒያ ሴት አንጓዬን ይዘው ያሉኝን እናንተም ስሙት፦

«ልጄ፣ እኔ ግሸን ደርሼ እስክመለስ ድረስ አንተ አፍህን ዝጋ።»