ከርነሌን ሰው ፊት ገደልኩት

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ነው የምትስቁት። እሺ፣ ሳቁ። እኔም እንባዬን ከጠረግኩ በኋላ ስቄያለሁ።

ለማታውቁኝ፦ ካሳራኒ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው፣ ከአባዬ ጋር። ዓመት ሙሉ የራሴን የኮምፒውተር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስጽፍ ነበር። ትንሽዬ ናት። ግን የኔ ናት!

ዛሬ ሁርሊንግሃም ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲስተሜን ለሰው የማሳይበት ዴሞ ነበረኝ። ከተመልካቾቹ መሀል ዋምቡዪ የምትባል ኢንጂነር አለች፤ ለቡድኗ አንድ ተለማማጅ ትፈልጋለች። ያንን ቦታ ምን ያህል እንደምፈልገው አትጠይቁኝ።

አባዬ ሱፉን ለብሶ መጣ። ፊት ወንበር ላይ!

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ከርነል ማለት የሲስተሙ አስኳል ነው፤ እሱ ከሞተ ሁሉም ይሞታል። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ሜሞሪውን ይከፋፍልና ከርነሉን ተራ ፕሮግራም እንዳይነካው ይከልለዋል።

እኔስ? ከርነሉንም ፕሮግራሞቹንም አንድ ላይ አጎርኳቸው። ያለ አጥር!

መድረክ ላይ ደግሞ ምን አልኩ? "አጥር ያዘገያል። የኔ ፈጣን ነው!"

ወይ ድፍረት!

ኦቲየኖ የሚባል ፕሮግራመር እጁን አወጣ። "አንድ ነገር ልሞክርበት?"

"ከቻልክ ስበረው!" አልኩት። አዎ፣ በዚሁ አፌ።

ሦስት መስመር ጻፈ። ሦስት! ከተሰጠው የሜሞሪ ቦታ አልፎ ደጋግሞ የሚጽፍ ተራ ሉፕ። ቀጥ ብሎ ሄዶ ከርነሌ ላይ ጻፈበት።

ስክሪኑ ደረቀ። ኪቦርዱን ብነካካ፣ ብደበድብ፣ ወይ ፍንክች!

አባዬ ከወንበሩ ተነሳ። ልጁን ሊያድን! ወደ አዳራሹ ዞሮ "ፖሌኒ፣ ስቲማ ኢሜፖቴያ!" አለ። በአገሬው ቋንቋ፣ ይቅርታ፣ መብራት ጠፍቶ ነው ማለቱ ነው።

አናቱ ላይ አምፖሉ ሁሉ ቦግ ብሎ እየበራ!

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዋምቡዪ ግን አልሳቀችም። "ከርነሉንና ፕሮግራሞቹን ለምን አንድ ላይ አደረግሻቸው?" አለችኝ።

ሁለት ውሸት ምላሴ ላይ ነበሩ። ግን አባዬ እዚያ ቆሟል፣ ለኔ ሲል ተስቆበት። ውሸቱ አልወጣ አለኝ።

"ለፍጥነት ብዬ አይደለም። ፔጅ ቴብል አቅቶኝ ነው። ሁለቴ ሞክሬ ሁለቴም ተውኩት።"

ፔጅ ቴብል ለየፕሮግራሙ የትኛው ሜሞሪ የሱ እንደሆነ የሚነግር ካርታ ነው፤ አጥሩ የሚሠራው በሱ ነው።

"ፍጥነቱንስ ለክተሽዋል?"

"አልለካሁም።"

ሁለተኛ ውርደት!

ተነስታ ነጩ ሰሌዳ ላይ ሣለችልኝ። "ከርነሉን በየፕሮግራሙ ካርታ ላይ ከላይ አስቀምጠሽ ብትቆልፊው፣ ሲጠራ ቶሎ ይደርሳል፤ ግን ቁልፉ ቀዳዳ ከተገኘበት ጉድ ነው። የራሱን ካርታ ብትሰጪው ደህንነቱ ይሻላል፤ ግን በተጠራ ቁጥር ካርታ መቀየር ነው፣ ይዘገያል። የፈለግሽውን ምረጪ። ምን እንደምታጪ ግን እወቂ።"

ከዚያ ማርከሯን ከደነች። "ሰኞ ቢሮ ነይ። የተውሻቸውን ሁለቱን ሙከራዎች ይዘሽ። ቦታውን ሰጠሁሽ አላልኩም! አብረን እናያቸዋለን።"

እግሬ መሬት አልነካም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ስንመለስ ማታቱ ታክሲ ውስጥ ለአባዬ ደጋግሜ አስረዳሁት። "አባዬ፣ ገና አልተቀጠርኩም። ለማየት ነው የጠራችኝ። ገባህ?"

"ገብቶኛል ልጄ፣ ገብቶኛል" አለና ስልኩን አወጣ። "ሃሎ፣ ወንድም ተስፋዬ? ገባች! ጌታ ይመስገን፣ ሰኞ ትጀምራለች!"

ከዚያ ሌላ ደወለ። ከዚያ ሌላ። ካሳራኒ ሳንደርስ የቤተክርስቲያናችን ሰው በሙሉ ሰምቷል። ፓስተሩ ራሱ ቮይስ ልኮልኛል፣ ከነምርቃቱ!

ነገ ደግሞ እሁድ ነው።

እስቲ ንገሩኝ፦ ለአንድ ጉባኤ ሙሉ ሰው "ገና ነው" እያሉ ከመዞርና በሁለት ቀን ፔጅ ቴብል ከመጻፍ የቱ ይቀላል?

እኔ ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ።