ገንዘብ የተረፈ ዕለት

(የአሻንጉሊት ቲያትር ማኅበር ጓዳ። ጠዋት ኦዲተሩ ደውሎ «ዘንድሮ ገንዘብ ተርፏችኋል» ሲል፣ ሰብሳቢው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደ ለጠፈ ቀረ። ማኅበሩ ጉድለት እንጂ ትርፍ አያውቅም፤ የጎደለውን መሥራቹ ጋሼ ከጡረታቸው ይሞሉት ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ግን ለመታሰቢያቸው የቀረበው ትርኢት ሰው በሰው ሆኖ ከረመ። ሰብሳቢው ባልደረባውን ቀስበቀስን የተረፈውን ገንዘብ አሲዞ ልኮታል። ቀስበቀስ አሁን ገና መመለሱ ነው።)

ሰብሳቢው፦ ከፈልክ ወይስ አልከፈልክም?

ቀስበቀስ፦ መጀመሪያ ልቀመጥ።

ሰብሳቢው፦ እስር ቤት ትቀመጣለህ። ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ትርፍ ይዞ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ?

ቀስበቀስ፦ እስቲ አንተ ንገረኝ።

ሰብሳቢው፦ እኔም አላውቅ፤ ደግ ነገር ግን አይሆንም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ለጋሼ ሐውልት ዛሬውኑ ይከፈል ያልኩት ለዚህ ነው።

ቀስበቀስ፦ ሐውልት ቀራጩ «ቆመው ነው?» አለኝ።

ሰብሳቢው፦ ቆመው ነዋ።

ቀስበቀስ፦ ዕድሜያቸውን ሙሉ መጋረጃ ኋላ ተንበርክከው የኖሩ ሰው፣ ቆመው ማን ያውቃቸዋል?

ሰብሳቢው፦ እንግዲያው ይንበርከኩ።

ቀስበቀስ፦ «ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስላሉ» አለ።

ሰብሳቢው፦ ተቀምጠው ይሁና፣ አንተ ሰው።

ቀስበቀስ፦ ወንበሩ ለብቻው ይከፈላል።

ሰብሳቢው፦ እሰየው፣ ይከፈላ። ገንዘቡ ከእጃችን ይውጣ እንጂ።

ቀስበቀስ፦ ክረምት ገብቶ ተመልካች ሲጠፋ የቤት ኪራዩን ሐውልቱ ይከፍልልናል?

ሰብሳቢው፦ እስከ ዛሬስ እንዴት ኖርን?

ቀስበቀስ፦ ጋሼ ነበሩዋ።



ሰብሳቢው፦ ገንዘቡስ የት አለ?

ቀስበቀስ፦ ባንክ መልሼ አስገባሁት።

ሰብሳቢው፦ ጉድ አፈላህ። በገዛ ራሳችን ላይ ማስረጃ አስቀመጥክ።

ቀስበቀስ፦ ኦዲተሩ ጋ ጎራ ብዬ ጠየቅሁት። «አትካፈሉት እንጂ ለከርሞ ማቆየት ትችላላችሁ። እንዲያውም ገና አሁን ጤነኛ ሆናችሁ» አለኝ።

ሰብሳቢው፦ መቼ ነው የጠየቅኸው?

ቀስበቀስ፦ ጠዋት፣ ከዚህ እንደ ወጣሁ።

ሰብሳቢው፦ ታዲያ ቀራጩ ጋ ምን አስኬደህ?

ቀስበቀስ፦ አንተ እስክትበርድ የት ልዋል?

ሰብሳቢው፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ለነገሩ አንተን የላክሁትም እንደማትቸኩል አውቄ ነው።

ቀስበቀስ፦ አለመቸኮሉንማ ኦዲተሩም መክሮኛል። «ማን ላከህ?» ሲለኝ ስምህን ብጠራለት፣ «በል እንግዲህ ቀስ ብለህ ተመለስ» አለኝ።

(ተሳስቀው ወደ ልምምድ ይነሳሉ። ጋሼ ጀምረዋት የሄዱት አሻንጉሊት ጠረጴዛው ላይ ናት። ቀኝ እጇ ገና አልተሠራም።)