ጳጉሜን የበላው ፋይል

ይታያል፦ ጳጉሜን የለችም ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ኮምፒዩተሩ ነው።

መሪጌታ፦ ኮምፒዩተሩ ክረምቱን ሞጣ ነበር የከረመው?

ይታያል፦ (ወንበሩን እየሳበ) አሥራ ሦስተኛ ወር ሲጽፉለት ቀይ ያበራል። ስለዚህ አጠፋኋት።

ይታያል ቢቸና ባለ አንድ የፕሮጀክት ቢሮ የዝናብ መረጃ ባለሙያ ነው። ሥራው ከሞጣ የሚመጣውን ደብተር ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ሲሆን፣ እየቆየ ዝናቡን የሚያዘንበው ራሱ መስሎት ነበር። ደብተሩን የሚሞሉት ሞጣ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩት መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት የዝናብ መለኪያው አጠገብ ቆመው፣ ከትናንት እስከዚያች ሰዓት የወረደውን ጽፈዋል።

መሪጌታ፦ የአሥራ ስምንት ዓመት ጳጉሜን ዘጠና አራት ቀን ነው። የዘጠና አራት ቀን ዝናብ የት አደረስከው?

ይታያል፦ ዘጠና ነው። አምስት ሲባዛ በአሥራ ስምንት።

መሪጌታ፦ ሉቃስንስ ረሳኸው?

ይታያል፦ ሉቃስ ደግሞ የትኛው ክፍል ነው የሚሠራው?

መሪጌታ፦ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ልጄ። በመጣ ቁጥር ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ አራት ጊዜ መጥቷል።

ይታያል ሽማግሌው ነገር አይገባቸውም ሲል በልቡ ደመደመ። ኅዳር አሥራ ስምንት ቀን በረፋድ ሚኒባስ ያስመጣቸው ስለ ጳጉሜን ሊሟገት አልነበረም። ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጥቷል፤ የሞጣው መለኪያ ስምንት ዓመት ሙሉ ስላልተለካበት ይዘጋ ይላል። ያለፈውን ዓመት ደብተር በገዛ ጣቶቹ የገለበጠው ይታያል ራሱ ነው፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያይ ግን ጣቶቹንም አያምንም። መዘጋቱን ተቀብለው እንዲፈርሙ ብዕር አቀረበላቸው። እሳቸው ብዕሩን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

መሪጌታ፦ የላክህላቸው ፋይል አርእስቱ ላይ ምን ይላል?

ይታያል፦ አርእስት አይባልም፤ ሜታዳታ ነው። ስለ መረጃው የሚናገር መረጃ ማለት ነው። ለእርስዎ ይከብዳል።

መሪጌታ፦ ይክበደኝ፤ አንብብልኝ።

ይታያል፦ «ዘመን፦ ከ2000 እስከ 2017።»

መሪጌታ፦ ከሥሩስ?

ይታያል፦ «የዘመን አቆጣጠር፦ ጎርጎርዮሳዊ።» እሱን እኔ አልጻፍኩትም፤ ፋይሉ ሲከፈት ራሱ ይመጣል። ማንም አያነበውም።

መሪጌታ፦ አንድ ሰው አንብቦታል። ደብዳቤውን የጻፈው እሱ ነው።

ይታያል ነገሩ ቀስ ብሎ ገባው። የእኛን 2017 የፈረንጅ አድርገው አንብበውታል፤ በፈረንጆቹ ደግሞ 2017 ካለፈ ስምንት ዓመቱ ነው። ግን እጅ አልሰጠም። ወጪ የሆነ ደብዳቤ ማሳረም ጊዜ እንደሚወስድ፣ እስከዚያው ለጊዜው ቢፈርሙለት እንደሚሻል አስረዳ። መሪጌታ እስከ መጨረሻው ያልተነበበ ነገር ላይ ፈርመው እንደማያውቁ ነገሩት። ይታያል ያነበበው የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ ነበር፤ ነገሩ የሌላ ሰው ስለመሰለው አልቀጠለም። አሁን እየተሰላቸ ሁለተኛውን ጀመረ።

ይታያል፦ «ጣቢያው ሥራ ስላልነበረው፣ መረጃውን እንዲያጠናቅር የተቀጠረው ባለሙያም ከዚህ ወር ሠላሳ ቀን ጀምሮ...»

መሪጌታ፦ ጀምሮ?

ይታያል፦ «...ይሰናበታል።»

ከዚያ ይታያል ተነሥቶ ደህነኛውን ወንበር ለመሪጌታ ለቀቀ፤ እሱ በርጩማ ስቦ የቁልፍ ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አደረገ። አንድ ነገር ብቻ ለመናቸው፤ ይህን ነገር ሞጣ እንዳይነግሩበት። መሪጌታ ደብተራቸውን ገልጠው እያንዳንዱን ቀን በቃላቸው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እየመለሱ ይነግሩት ጀመር። አንዱ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት መሆኑን አርእስቱ ላይ አስጻፉት። ጳጉሜንም ሴፕቴምበር ውስጥ ቦታ አገኘች፤ ኮምፒዩተሩ ቀይ አላበራም።

ይታያል፦ መሪጌታ፣ እንደርሳለን? ሠላሳ ሊሆን ስንት ቀን ቀረው?

መሪጌታ፦ (መነጽራቸውን እየወለወሉ) በእኛ ከሆነ አሥራ ሁለት ቀን። ደብዳቤውን በጻፈው ሰው ከሆነ ግን ሦስት።