ኮታቸው አለ

ትናንት በቀትር ሕልም አየሁ። እንቅልፉ የት እንደጣለኝ በኋላ እነግራችኋለሁ፤ አሁን አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ጸሐፊነት ተምሬ ጨርሻለሁ፣ የቀረኝ የብቃት ምዘናው ነው። ሊቀጥሩኝ ያሰቡት ወይዘሮ የሺመቤት ትናንት ጠዋት፣ ዛሬ ተመዝነሽ ካለፍሽ ወንበሩ ያንቺ ነው፣ ካልሆነ ለሌላዋ ልጅ እሰጠዋለሁ ብለውኛል። እሳቸው ቀልድ አያውቁም።

በሕልሜ የምዘናው አዳራሽ ገባሁ። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ኮቶች ነበሩ። ቁልፋቸውን ቆልፈው፣ እጅጌያቸውን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው ሥራቸውን ይሠራሉ። ባለቤቶቻቸው ደግሞ ግድግዳው ላይ ካለው መስቀያ በሸሚዝ ኮሌታቸው ተንጠልጥለው እግራቸውን ያወዛውዛሉ። አንዱ ጋዜጣ ያነብ ነበር። እኔም ምንም ሳይመስለኝ እንደምን ዋላችሁ ብዬ መዛኙ ፊት ቆምኩ። መዛኙ አንድ ቁልፍ የጎደለው ግራጫ ኮት ነበር።

መጀመሪያ የታይፕ ፈተና ሆነ። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ እሱ እኔን ታይፕ ያደርገኝ ጀመር፤ ትከሻዬን፣ ጉልበቴን፣ አፍንጫዬን ጫን ጫን እያደረገ። ደብዳቤ ሆኜ ወጣሁ። ኮቱ አነበበኝና ቀን አልተጻፈብሽም አለኝ። ቀጥሎ የፋይል አያያዝ ነበር። ፋይሎቹ ተሰልፈው መጡና ብብቴን ይዘው አነሱኝ፤ አዝመራ ስለምባል መደርደሪያው ላይ "አ" ጋ አስተኙኝ። አጠገቤ አዳነ የሚባል ሰው ተኝቷል። ከመጣሁ ቆየሁ፣ እስካሁን የፈለገኝ የለም አለኝ። አንጀቴን በላው።

ከዚያ ዋናው መጣ፤ እንግዳ መቀበል። በሩ ጋ አስቀመጡኝ። ውስጥ፣ በሚሽከረከረው ወንበር ላይ፣ አንዲት ባለጉዳይ አሮጊት ቆሎ እየቆረጠሙ ተቀምጠዋል። ውጭ ሦስት ዳይሬክተሮች ጫማቸውን አውልቀው ተሰልፈዋል። የሴትዮዋን የቤት ካርታ ፈርመው፣ ማህተም መትተው ይዘውላቸው መጥተዋል፤ እባክሽ አስገቢን እያሉ ይለምኑኛል። አንደኛው እንባው ቀርቧል።

"እህቴ፣ እማማ አሉ?" አለኝ። "እኛ ጨርሰናል። ብቻ ይቀበሉን።"

በሩ ክፍት ነው። አሮጊቷ ይታዩኛል፤ እንዲያውም ቆሎ ዘግነው ነይ እንኪ ይሉኛል። አሉ፣ ግቡ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

"ስብሰባ ላይ ናቸው" አልኩ።

እኔ አይደለሁም፣ አፌ ነው። ኮሌጅ ስንገባ መምህራችን መጀመሪያ ያስጠናችን ይህንኑ ነበር፤ ማንም ይምጣ ማን፣ ኃላፊው ኖረም አልኖረም። ዳይሬክተሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ። ግራጫው ኮት የቀረሽ አንድ ዕድል ብቻ ነው አለኝ። ያ የወይዘሮ የሺመቤት ወንበር ከእጄ ሲወጣ ታየኝ።

ምላሴን በሁለት ጣቴ ያዝኩት። እንደምንም ታግዬ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ አሉ፣ ግቡ አልኩ። ዳይሬክተሮቹ እየተጋፉ ገብተው የአሮጊቷን ጉልበት ሳሙ። መስቀያው ላይ ያሉት ሰዎች በእግራቸው አጨበጨቡ። ኮቱ ማህተሙን አነሳና ግንባሬ ላይ ሊመታልኝ አስጠጋው። ቅዝቃዜው ተሰማኝ።

የቀዘቀዘኝ ግንባሬን ያስደገፍኩበት ግድግዳ ነበር። ለካ የምዘና ጣቢያው ኮሪደር ውስጥ፣ ከጠዋት ጀምሮ ተራ የምጠብቅበት አግዳሚ ላይ ነው እንቅልፍ የጣለኝ። ፊት ለፊቴ የመዛኙ በር ክፍት ነው። ወንበራቸው ላይ ግራጫ ኮት ተሰቅሏል። እሳቸው የሉም።

ጸሐፊያቸውን እስካሁን አልመጡም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ማስቲካዋን እያኘከች፣ ከስልኳ ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

"ስብሰባ ላይ ናቸው። ኮታቸው አለ አይደል? ጠብቂ።"

ወዲያው የኔ ስልክ ጮኸ። ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው። ሄሎ እስኪሉ እንኳ አልጠበቅኩም፤ ድምፄን ለወጥ፣ አሳመር አድርጌ፣ "አዝመራ ምዘና ላይ ናት፤ ትንሽ ቆይተው ይደውሉ" አልኳቸውና ዘጋሁት።

ጸሐፊዋ ይሄኔ ቀና ብላ አየችኝ።

"ታዲያ አንቺ" አለችኝ፣ "ምዘናው ምን ያደርግልሻል?"