ፍርስራሹን ሳናይ የዋልንበት ቅዳሜ

እኛ ሐበሾች ጫካ ስንገባ መጀመሪያ የምንፈልገው ጥላ ነው። ሌላው የናይሮቢ ሰው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ኮዳ ውኃ ይይዝና ዳገቱን ሽቅብ ይለዋል። እኛ ምንጣፉን፣ የእጅ ማስታጠቢያውን፣ እንዳይቀዘቅዝ በጋቢ የተጠቀለለውን ድስት ከመኪና አውርደን ሳንጨርስ እሱ ደርሶ ይመለሳል። ሲያልፍ ሰላም ይለናል፤ እኛም «ና እንብላ» እንለዋለን። ደግ ሰዎች ነን፣ ይህን ማንም አይወስድብንም። ብቻ ደግነታችን መቀመጥ ያበዛል።

ይህን የምለው ለቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እስካሁን የሚቆጨኝ አንድ ቅዳሜ አለ።

ታደለ የእህቴ ባል ነው። እዚሁ ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሒሳብ ሹም ሆኖ ይሠራል፣ ቤቱም እዚያው አጠገብ ሩንዳ ነው። እንግዳ ይወዳል ስላችሁ እንዲሁ እንዳይመስላችሁ፤ ቤቱ ገብታችሁ አንድ ሳሕን ብቻ በልታችሁ ልውጣ ብትሉ ከልቡ ያኮርፋል። ሊያ የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። እዚሁ ስላደገች አማርኛዋ መሃል እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ሳያንኳኩ ይገባሉ። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነበር። አባት አካውንቲንግ አለ፤ ልጅ አርኪዮሎጂ አለች።

«ድንጋይ ቆፍራ ምን ልትበላ ነው?» ይለኛል ታደለ፣ ድንጋዩን እኔ የሰጠኋት ይመስል።

ክርክሩ ሲሰለቻት አንድ ነገር ለመነችው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ፓርክ ውስጥ፣ ዳገቱ አናት ላይ፣ የጥንት ሰዎች የኖሩበት ሰፈር ፍርስራሽ አለ። ሊያ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እዚያ ከሚቆፍሩት ባለሙያዎች ጋር አፈር በብሩሽ ስትጠርግ ከርማለች። «አባዬ፣ አንድ ቀን ብቻ አብረኸኝ ውጣና ላሳይህ። ካየኸው በኋላ ኖ ካልከኝ፣ ፕሮሚስ፣ አካውንቲንግ እገባለሁ» አለችው። ታደለም እሺ አለ፤ ከልቡ ነው ያለው። ምርጫዋን የምታሳውቀው ሰኞ ስለነበር ለቅዳሜ ተቀጣጠሩ። እኔንም «አንክል፣ አንተ በእኔ ሳይድ ነህ፣ አይደል?» ብላ አስከተለችኝ።

እስከዚህ ድረስ ምንም አልጎደለም። ዓርብ ማታ ግን ታደለ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣውን የሥራ ባልደረባውን ከነሚስቱ ጋበዘ። «ገና ሰው እንኳ አላወቁም። እኛ ስንዝናና እነሱ ቤት ዘግተው ይዋሉ?» አለ። ማን ይቃወማል? ሊያ እንኳ «ይምጡ» አለች። እንግዳ ከተጠራ ደግሞ ኮዳ ውኃና ብስኩት አይሆንምና እህቴ ሌሊቱን ሙሉ ስታቁላላ አደረች።

ፓርኩ በር ላይ ቆመን ጠበቅናቸው። ባዶ እጃችንን አንመጣም ብለው ኬክ ቤት ገብተው ኖሮ ረፍዶ ደረሱ። ከመኪናው የወረደችው ሴት ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አድርጋለች። ምን ታድርግ፣ ሽርሽር ብለው ጠሯት እንጂ ዳገት ማን ነግሯት! ሊያ ጫማውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

ጨዋ ሴት ናት። «እናንተ ውጡ፣ እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ» አለች። ታደለ ክው አለ። «እንዴት ተደርጎ! እንግዳ ጥሎ ወዴት ይኬዳል?» ባሏ ነገሩን ሊያቃልል «እኔ አብሬያት እሆናለሁ፣ እናንተ ሂዱ» አለ። ይሄ ባሰ። አሁን ሁለት እንግዳ ጥሎ ሊኬድ ነው። «በሉ መጀመሪያ ትንሽ ቀማምሰን» ተባለና ምንጣፉ ተነጠፈ።

የቀረውን እናንተም ታውቁታላችሁ። በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ። እንግዶቹ የሚበሉት ታደለ እንዳይከፋው ነው፤ ታደለ የሚያጎርሰው እንግዶቹ እንዳያፍሩ ነው፤ እህቴ የምትጨምረው ባሏን ላለማሳፈር ነው። ለራሱ ብሎ የተቀመጠ አንድም ሰው አልነበረም። እንግዳችን ፊት ስለ ዳገቱ ማንሳት ደግሞ ጫማዋን መስደብ መሰለን። ሊያ ብቻ የዳገት መውጫ ጫማዋን ክር አጥብቃ አስራ ቆማለች።

«አባዬ፣ እንሂድ?»

«እሺ የኔ ቆንጆ፣ እነሱ ይጨርሱና።»

ሄዳ ተመለሰች። ደግማ ሄዳ ተመለሰች። በመጨረሻ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «አንክል፣ ፕሊስ፣ አንድ ነገር በለው» አለችኝ። እላለሁ አልኳት። ልል ዞር ስል ታደለ ጉርሻ ይዞ ጠበቀኝ። ጎረስኩ። አላልኩም።

ጥላው ረዘመ፣ ኬኩ ተቆረሰ፣ ጥበቃው መጥቶ በሩ ሊዘጋ ነው አለን። ድስቱን ተሸክመን ወደ መኪናችን ሄድን። እንግዳችን ልትገባ ስትል ወደ ዳገቱ ቀና ብላ «ወይኔ፣ ፍርስራሽ አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር እኮ! ጫማዬን አውልቄም ቢሆን ባየሁት ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

እሑድ ይኬዳል እንዳትሉኝ። እሑድ እንግዶቹ በተራቸው ምሳ ጠሩን።

ሰኞ ጠዋት ታደለ ራሱ «ገና አላየሁትም እኮ፣ ምን ይሻላል?» ብሏት ነበር። ሊያም ፈገግ ብላ «ችግር የለም አባዬ» አለችና አካውንቲንግ መረጠች። እዚህ አገር ያደጉ ልጆቻችን ይሉኝታ አያውቁም እያልን ስናማርር እንኖራለን። ይኸው ተማረችላችሁ። ከእኛው ከትልልቆቹ፣ ያውም ጨርሶ በማያስፈልጋት ቀን።

አሁን ሁለተኛ ዓመት ናት። በቀደም ታደለ ደወለልኝ። ከውጭ የመጡ የመሥሪያ ቤቱ እንግዶች ያንን ፍርስራሽ ካላየን ብለው ይዘውት ወጥተው ኖሯል፤ እንግዳ የጠየቀውን እምቢ አይባልማ! የእኔን ደህንነት እንኳ ሳይጠይቅ ጀመረ። «ግንቡ እኮ ጭቃ የለው፣ ምን የለው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ! መግቢያው ዝቅ ያለ ነው፤ ማንም ሁን ማን ጎንበስ ሳትል አትገባም። ሲፈጩበት ሲፈጩበት መሃሉ የጎደጎደ የወፍጮ ድንጋይ አለልህ፤ እጄን ሳሳርፍበት ልክ የሰው እጅ የነካሁ መሰለኝ። ሰው ዕድሜውን ሁሉ ይሄን እያጠና ቢኖር ምን አለበት?» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ይሄን ነበር እንዴ ልጄ ልታሳየኝ የለመነችኝ?»



ማታውን ለሊያ ደወልኩላት። «አባትሽ ወጥቶ አየው» አልኳት። የቱን ብላ አልጠየቀችኝም።

«ወደደው?» አለች።

«በጣም።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። «አለሁ አንክል» አለች፤ «ነገ ኢግዛም አለኝ፣ ላጥና» ብላ ዘጋችው። የአካውንቲንግ ፈተና ነው። ጎበዝ ልጅ ስለሆነች ታልፈዋለች። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።